ትዕግስት የጎረመሰች ሰሞን

ጥንቸል አሳድጋለሁ ብሎ ሀርጌሳ የመጣ ሰው የለም። እኔም ለዚያ አልመጣሁም። የመጣሁት ቀለም ልቀባ ነው። ይህች ከተማ በየወሩ ፎቅ ትወልዳለች፤ ፎቅ ደግሞ እንደ ሕፃን ነው፣ ከተወለደ ማልበስ የግድ ነው። አልባሹ እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስቱኮ ስፍቅ፣ ሩሎ ስገፋ፣ ጠዋት በጥቁር ፀጉር እየወጣሁ ማታ በነጭ ፀጉር እየገባሁ ኖሬያለሁ። የሰው ቤት እንዲያምር እደክማለሁ፤ የራሴን ክፍል ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቀብቼው አላውቅም ነበር። ወጥ ቤት የሚውል ሰው ምግብ እንደማያምረው እኔንም ግድግዳ አያምረኝም።

ጥንቸሏን የሰጠችኝ ቤቷን የቀባሁላት አንዲት ፈረንጅ ናት። ኮንትራቷ አልቆ ወደ አገሯ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት አስጠራችኝና ካርቶን አስታቀፈችኝ። ካርቶኑ ውስጥ ቡጢ የምታክል ግራጫ ጥንቸል ቁጭ ብላ ታየኛለች። ሴትዮዋ ረዥም ነገር ተናገረች። እኔ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ለየሁ፤ አንዱ “ሴት ናት” የሚል ነው፣ ሌላው “አንተ ጥሩ ሰው ነህ” የሚል። ሁለቱም በኋላ አጠራጣሪ ሆነው ተገኝተዋል።

እምቢ ልላት ፈልጌ ነበር። የኔ እንግሊዝኛ ግን እሺ ለማለት እንጂ እምቢ ለማለት አይበቃም። እሺ አንድ ቃል ነው፤ እምቢ ምክንያት ይፈልጋል። እናም ካርቶኔን ታቅፌ ባጃጅ ተሳፈርኩ።

የምኖረው ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር ነው፤ ግቢው የኤዶ ሳህራ ነው። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እዚህ ግን ለምታከብራት ሴት ሁሉ ይባላል። ኤዶ ሳህራ የስልሳ ዓመት ሴት ስትሆን ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ስለዚህ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ግቢዋ በገባሁ ቀን አንቱ ብላት፣ “ምን አንቱ ትለኛለህ፣ ስንት ሆኜ ነው? ድሬ አንቱ የለም” ብላ ቆጣ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እላታለሁ። አንቺ የምላት ግን አንቱ ከምላቸው ሰዎች ይልቅ እየፈራኋት ነው።

ክፍሉን የምጋራው ከጋሽ ታደለ ጋር ነው። ጋሽ ታደለ ግንበኛ ናቸው። እሳቸው የሠሩት ግድግዳ ላይ ውሃ ልክ ብታስቀምጥ ውሃ ልኩ ያፍራል። ጾመኛ፣ ጸሎተኛ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ካርቶኑን ከፍቼ ሳሳያቸው ለረዥም ጊዜ ተመለከቱና፣

“ይህቺ እኮ አትበላም” አሉኝ።

“ልበላት አይደለም ጋሼ።”

“እንደማትበላት አውቃለሁ። የማትበላውን እንስሳ ግን ለምን ታበላለህ?”

ካርቶኑን ወደ አልጋዬ ጥግ ገፋ አደረግሁት።

ስሟን ትዕግስት አልኳት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ያን ቀን ግን መልአኩ ሥራ ላይ አልነበረም መሰለኝ። ኤዶ ሳህራ ደግሞ ወደ ሶማሊኛ ተርጉማ ሳብሪን አለቻት። በሁለት ቋንቋ ታጋሽ የሆነች ጥንቸል ሆነች ማለት ነው።

ደግሞም ታጋሽ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሳስታውስ አሁንም ፈገግ እላለሁ። ከአናጢዎች ሰጋቱራ ለምኜ በቀለም ባልዲ ክዳን ላይ አነጠፍኩላት፤ ሽንቷን እዚያው ነበር የምትሸናው። ማንም አላስተማራትም። እኔ በዚያች ዕድሜዬ እንዲህ እንዳልነበርኩ እናቴ ምስክር ናት። ከሥራ ስገባ ከካርቶኗ ወጥታ እግሬ ላይ ትተኛለች። ጋሽ ታደለ ዳዊት ሲደግሙ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። “አስተዋይ ፍጡር ናት” አሉኝ አንድ ቀን። ጋሽ ታደለ ሰውን እንዲህ ሲያሞግሱ ሰምቼ አላውቅም።

አራተኛው ወር አካባቢ ጠባይዋ ተለወጠ።

በመጀመሪያ መዞር ጀመረች። ቆሜ ሻይ ስጠጣ በእግሮቼ ዙሪያ ትዞራለች። ዝም ብላ አይደለም፤ “እም፣ እም፣ እም” እያለች ነው። ጥንቸል ድምፅ እንዳላት ያወቅሁት ያኔ ነው። ፍቅር መሰለኝ። እውነትም ፍቅር ነበር፣ እኔ ያሰብኩት ዓይነት ባይሆንም። በሁለተኛው ቀን ግራ ጫማዬን አቀፈችው። በሦስተኛው ቀን ቀኙን። ምን እንደምታደርግ ሲገባኝ ማንም እንዳላየኝ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ሥራዋ ላይ ነበረች።

ከዚያ አገጯን በየዕቃው መፈግፈግ አመጣች። የአልጋውን እግር፣ የውሃ ጀሪካኑን፣ የጋሽ ታደለን የመሣሪያ ሣጥን፣ ሁሉንም በአገጯ ዳሰሰች። ካርቶኗ ውስጥ ሳር ላስገባ እጄን ስሰድ ነከሰችኝ። ባልዲ ክዳኑን ተወችውና ሽንቷን ወደ ግድግዳ መርጨት ጀመረች። መሽናት አላልኩም፣ መርጨት ነው ያልኩት። በሙያዬ ስለ መርጨት አውቃለሁ። በመርጫ ማሽን የሚሠሩ ልጆች አይቻለሁ፤ እንደሷ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ እኩል አድርጎ የሚረጭ ግን አላየሁም።

ጋሽ ታደለ ይህን ሁሉ የመሣሪያ ሣጥናቸውን እየወለወሉ አለፉት። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ባዶ እግራቸውን ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመው ሲጸልዩ ትዕግስት መጣች። አንድ ጊዜ ዞረቻቸው። ሁለት ጊዜ ዞረቻቸው። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን አቀፈች። ጋሽ ታደለ ጸሎት አያቋርጡም። ድምፃቸው ብቻ ትንሽ ከፍ አለ። እስከ አሜን ድረስ ቆመው፣ እሷም እስከ አሜን ድረስ ቆይታ፣ ሁለቱም እኩል ጨረሱ።

“ሴት ናት ነበር ያልከኝ” አሉ ወደ እኔ ዞረው።

“እንደዚያ ተብሎ ነው የተሰጠኝ ጋሼ።”

“እንግዲያው ይህ የጤና አይደለም። መንፈስ ነው።”

ከአገር ቤት በፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጡት ጠበል ነበራቸው፤ ለከባድ ቀን ብለው ያስቀመጡት። ያ ቀን ከባድ ሆኖ ተገኘ። ጠርሙሱን ከፈቱ፣ አማተቡ፣ በመዳፋቸው አድርገው ረጩባት። ትዕግስት ጆሮዋን አራገፈች፤ ዞራ ቆመች፤ መልሳ ረጨቻቸው።

ጋሽ ታደለ ሱሪያቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። “መንፈስ አይደለም። መንፈስ ቢሆን ይፈራ ነበር” አሉና ሌላ ሱሪ አወጡ። እኔ እስካሁን የምገረመው፣ በዚያች ሰዓት “ወይ እሷ ወይ እኔ” ሊሉኝ ሲችሉ አለማለታቸው ነው። ክፍሉን መጀመሪያ የተከራዩት እሳቸው ናቸው፤ እኔን ያስገቡኝ ሜዳ ላይ ስቀር አይተው አዝነውልኝ ነው። እኔ ደግሞ ውለታቸውን በጥንቸል መለስኩ።

ነገሩ የገነፈለው ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በአሱር ሶላት ሰዓት፣ ኤዶ ሳህራ በረንዳዋ ላይ መስገጃዋን አንጥፋ ትሰግዳለች። መስገጃው ከመካ በእጇ ይዛው የመጣችው ነው። እኔ ከሥራ ቀድሜ ገብቼ የክፍሌን በር ስከፍት ትዕግስት በእግሮቼ መሃል ሾልካ ወጣች። በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ መሄጃ አጥታ አይደለም። ቀጥ ብላ ወደ በረንዳው ሄደች።

ሶላት ላይ ያለ ሰው አይናገርም። በፊቱም አይታለፍም። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በግቢው መሃል በግማሽ እርምጃ ቀረሁ። እጄን ዘርግቼ በሹክሹክታ “ትዕግስት፣ ትዕግስት” እላለሁ። የሚያየኝ ሰው ራሴን የምመክር ይመስለዋል። እሷ ኤዶ ሳህራን ዞረቻት። “እም፣ እም፣ እም።” ኤዶ ሳህራ ጎንበስ አለች፤ ትዕግስት ዞረች። ኤዶ ሳህራ ሰገደች፤ ትዕግስት ጆሮዋ ሥር መጥታ አሸተተቻት። ከዚያ መስገጃው ጥግ ላይ ቆመች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ጅራቷን አነሳች።

ያየሁትን መናገር አልችልም። የሙያ ሥራ ነበር።

ኤዶ ሳህራ ሶላቷን አቋርጣ ተነሳች። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን በጣም ቀስ ብላ፣

“ነጃሳ ነው፣ ርኩስ፣ ታውቃለህ። የነካኝን ታጥቤ ሌላ ቦታ እንደገና መስገዴ ነው” አለችኝ።

“አውቃለሁ ኤዶ። አጥበዋለሁ።”

“ታጥበዋለህ። ከዚያ እስከ ጁምዓ መፍትሔ ፈልግላት። ካልሆነ አብራችሁ ትወጣላችሁ፣ አንተም እሷም። ታደለ ይቆይ፣ እሱ አላጠፋም።”

መስገጃውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ኤዶ ሳህራ አጠገቤ ቆማ “እዚህ ጋ፣ ደግመህ” እያለች። ውሃ በቦቴ በሚገዛበት ሰፈር ነው ይህ ሁሉ። ሳጥብ የማስበው ስለ ክፍል ነበር። ለአንድ ላጤ መጤ በዚህ ከተማ ንጹሕ ግቢ፣ ደግ አከራይ፣ ቋንቋህን የምትናገር፣ እንዲህ ያለ ቦታ ሁለተኛ አይገኝም። ለአንዲት ጥንቸል ብዬ ይህን ላጣ ነው? ስነሣ ወስኜ ነበር፤ ሰው ፈልጌ እሰጣታለሁ።

በማግስቱ አሕመድ ዳጋህ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ የግቢ በሩን የቀባሁለት ዶሮ የሚያረባ አንድ ሽማግሌ አለ። ለእንስሳ ርኅራኄ ያለው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዶሮዎቹን ሲያናግር ሰምቼዋለሁ። በሥራ ቦታ በለቃቀምኩት ሶማሊኛዬ ጥንቸሏን ልሰጠው እንደመጣሁ ነገርኩት። ደስ አለው። ከካርቶኑ አወጣት፣ በሁለት እጁ ይዞ ከፍ ዝቅ አደረጋት።

“ሁለት ኪሎ ትሆናለች?” አለኝ።

“አልመዘንኳትም።”

“ትሆናለች። ብዙ ሰው እዚህ አይበላትም እንጂ ሐላል ናት። ማክሰኞ እንግዶች አሉብኝ።”

ትዕግስት አየችኝ። ጥንቸል ሁልጊዜም የተገረመ ፊት ነው ያላት፤ እኔን ያየችኝ መሰለኝ ማለቴ ነው። ያቺ ነክሳኝ፣ አዋርዳኝ፣ ከቤት ልታስወጣኝ የደረሰች እንስሳ ጆሮዋ በሰውየው ጣቶች መሃል ተንጠልጥሎ ሳየው ካርቶኑን ወደ እሱ ዘረጋሁ። ያሰብኩትን ንግግር ረሳሁትና፣

“ታማለች” አልኩት።

“ምኗን?”

ምኗን ብዬ ልዋሽ? ያለውን ነገርኩት። እንደምትዞር፣ እግር እንደምታቅፍ፣ እንደምትረጭ፣ የሰው ሶላት እንዳበላሸች። ሽማግሌው ከምንም በላይ የመጨረሻውን ሲሰማ ቶሎ ካርቶኗ ውስጥ መለሳት። እጁን ታጠበ። ከዚያ ግን አልተቀየመኝም፤ በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ “ከብት ገበያው አጠገብ አንድ ወጣት ሐኪም አለ። ጅግጅጋ ነው ያደገው፣ አማርኛ ታወራለህ ከሱ ጋር። የኔን ፍየል ከሞት አድኗል” አለኝ። ውሸት ጀምሬ መድኃኒት ተሰጠኝ። እንዲህ ያለ ዕድል ለዋሾ ሁሉ አይገጥምም።

ሐኪሙን፣ ዶክተር ጉሌድን፣ ሰኞ ዕለት አገኘሁት። ተራው ረዥም ነበር። ከፊቴ ያለው ሰው ግመል ይዞ ነው፣ ከኋላዬ ያለው ስምንት በግ፤ እኔ መሃል ላይ ካርቶን ይዤ። ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ ካርቶኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ።

“ስሟ ማነው?”

“ትዕግስት።”

ጠረጴዛው ላይ ገለበጣት፤ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገና አያት።

“ትዕግስት ወንድ ነው” አለኝ።

“ሴት ናት ተብዬ ነው የተቀበልኳት።”

“ማን አለህ?”

“ፈረንጅ።”

“ትንሽ ሳሉ አይለዩም። ፈረንጅም ይሳሳታል። ስንት ወሩ ነው?”

“አምስት ገደማ።”

“እንግዲህ አልታመመም። ጎርምሷል።”

ከዚያ አስረዳኝ። ጥንቸል በዚህ ዕድሜ ሆርሞኑ ይነሣል አለኝ። መዞሩና ማጉረምረሙ ሚስት ሲፈልግ ነው። አገጩን የሚፈገፍገው ሽታውን ለመተው ነው፤ ይህ ዕቃ የኔ ነው ማለቱ ነው። የሚረጨውም እንደዚያው ነው፤ ክልሉን እያሰመረ ነው። የሚናከሰውም ክልሉ ስለተነካ። “ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱም ምን እንደነካው አያውቅም” አለኝ።

ይህን ስሰማ ልቤ ተሰበረ። ምክንያቱም እኔም በአሥራ ስድስት ዓመቴ አሰላ ውስጥ የአንዲትን ልጅ ቤት ክረምቱን ሙሉ በብስክሌት ዞሬያለሁ። ዝናብ እየመታኝ። አጥራቸው ላይ ስሜን ጽፌያለሁ። አባቷ ወጥቶ ምን ፈልገህ ነው ሲለኝ ምን እንደፈለግሁ አላውቅም ነበር። ያኔ ማንም ወደ ከብት ሐኪም ስላልወሰደኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

“መፍትሔ አለው?” አልኩት።

“ማኮላሸት ነው። ፍየልና በግ በየቀኑ እሠራለሁ። ጥንቸል ግን የሠራሁት ተማሪ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ነው። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ማደንዘዣው ለነሱ ከባድ ነው። አስተማሪዬን ደውዬ መጠኑን ልጠይቀው። ሐሙስ አምጣው።”

ሐኪም “አላውቅም፣ ልጠይቅ” ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያች ቃል በኋላ የራሴን ቀዶ ጥገናም ቢሆን ለሱ እሰጠው ነበር፣ ያንኑ ዓይነት ካልሆነ በስተቀር።

“ጠዋት ሳይበላ ነው የማመጣው?”

“አይ፣ ይብላ። ጥንቸል አያስመልሰውም፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን ነው የሚጎዳው። ደግሞ ወዲያው ይለወጣል ብለህ እንዳትጠብቅ። ሆርሞኑ ከደሙ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንድ ወር ሊሆን ይችላል።”

ማታ ለጋሽ ታደለ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከነገሩ ሁሉ እሳቸውን የከነከናቸው አንድ ነገር ነው። “ጾም አይችልም ማለት ነው?” አሉ። አይችልም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከልብ ያዘኑለት ያን ጊዜ ነው መሰለኝ። “እንግዲህ ስሙን ትዕግስቱ በለው” አሉ። በአንድ ፊደል ወንድ ሆነ።

የቀረው ኤዶ ሳህራ ነበረች። እስከ ጁምዓ ነው ያለችኝ፤ ሐኪሙ ደግሞ አንድ ወር አለ። መካ ደርሳ ለመጣች ሐጃ የጥንቸል ጉርምስና ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም። በረንዳዋ ሥር ቆሜ ጀመርኩ።

“ኤዶ፣ ሐኪሙ አየው። በሽታ አይደለም። ዕድሜ ነው አለ። ሰውነቱ ሲበስል... ማለት... ሚስት ሲፈልግ...”

“ቆይ። አየው ነው ያልከው?”

“አዎ። ወንድ ነው ኤዶ።”

ሻሿን በሁለት እጇ ወደ ግንባሯ ሳበች።

“ወላሂ፣ ሳብሪን እያልኩ አራት ወር ሙሉ ፀጉሬን ገልጬ በፊቱ ስሄድ ነበር” አለች።

ትስቅ ወይም ትቆጣ እንደሆነ አልለየሁም፤ መሬት መሬት አየሁ። ትከሻዋ ሲነቃነቅ ነው የገባኝ። ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገችና ጠየቀችኝ፤ ምን ይደረግለታል አለች። ነገርኳት። ያማል ወይ አለች። በማደንዘዣ ነው አልኳት። “አባቴ ድሬ ፍየል ያረባ ነበር። ለፍየል የሆነ ለሱም ይሆናል” አለችና፣ “አንድ ወር። ከዚያ ግን ሁለተኛ መስገጃ የለኝም” ብላ ገባች።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ታደለ ሥራ ቀሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲቀሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ታመው እንኳ ይገነባሉ። ባጃጁ ውስጥ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው “ጉድጓዱን ቀስ በል” እያሉ ሹፌሩን አስመረሩት። ዶክተር ጉሌድ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አድርጎ ከአስተማሪው ጋር እያወራ መርፌውን ሞላ። እኛን አስወጣን። ውጭ በጎች መሃል ቆምን። ጋሽ ታደለ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለማይበላ እንስሳ እየጸለዩ እንደሆነ ገባኝ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

በሰላም ወጣ። ቤት ስናደርሰው ግን አልበላም። ሐኪሙ አስጠንቅቆን ነበር፤ ጥንቸል አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ፣ በጠጥም ካልጣለ፣ አንጀቱ ይቆማል፣ ያኔ አደጋ ነው ብሎናል። ሳር ሰጠሁት፣ ፊቱን አዞረ። ካሮት ሰጠሁት፣ አላየውም። አልፋልፋ ከገበያ አመጣሁ፤ አገጩን እንኳ አልፈገፈገበትም። ጥግ ላይ ተኮራምቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ግድግዳ የረጨ ጀግና እጅ የምታክል ጸጉር ሆነ። እንዲረጭ ለመንኩት። ቢፈልግ በእኔ ላይ።

ጁምዓ ጠዋት ጋሽ ታደለ በጉልበታቸው ተንበርክከው አልጋ ሥር በባትሪ በጠጥ ይፈልጋሉ። ኤዶ ሳህራ በሩ ላይ መጣች። ወደ ክፍላችን ገብታ አታውቅም። ከሥር እስከ ላይ ስታየን ምን እንደመሰልን እግዜር ይወቀው፤ አንድ ግንበኛ መሬት ላይ፣ አንድ ቀለም ቀቢ ካሮት ይዞ።

“አልበላም?”

“አልበላም ኤዶ።”

ተመልሳ ሄደች። ስትመጣ ለምሳ ሾርባ ያዘጋጀችውን የድንብላል ቅጠል እስር ይዛለች። ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ። አንዷን ቅጠል በጣቷ አሽታ ሽታው እንዲወጣ አደረገችና አፍንጫው ሥር ያዘችለት። “ሳብሪ፣” አለችው፤ መጨረሻዋን ፊደል ጥላለት ወንድ አድርጋዋለች። “ሳብሪ፣ ብላ። ያለፈው አልፏል።”

ብዙ ቆየን። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። ቆመ። ደግሞ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ የቅጠሏን ጫፍ ያዘና ወደ ውስጥ ሳባት፣ እንደ ማሽን፣ እስከ ግንዷ። ኤዶ ሳህራ ሁለተኛዋን ሰጠችው። ሦስተኛዋን። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታደለ ጠሩኝ፤ ሄድኩ። በጣታቸው ወለሉን አሳዩኝ። አምስት ጥቁር በጠጦች። እኔ ብዙ ያማሩ ነገሮች አይቻለሁ፣ በእጄም የቀባኋቸው አሉ። እንደዚያች ወለል ያማረ ግን አላየሁም።

የቀረው ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት አሁንም ዞረን፤ ልማድ ነው። በሁለተኛው መርጨቱ ቀነሰ። በሦስተኛው ወደ ባልዲው ክዳን ተመለሰ፣ ሳይነገረው። ወሩ ሲያልቅ እጄን ካርቶኑ ውስጥ ስሰድ ላሰኝ። እኔም በምስጋና የዶክተር ጉሌድን የሕክምና ክፍል ቀባሁለት፤ የራሴንም ክፍል፣ ታሪኩ የተጻፈበትን ግድግዳ ሁሉ ፍቄ፣ በስድስተኛ ዓመቴ ቀባሁት። ደግ ሰው ሲበዛብህ ባዶ እጅህን መቆም ታፍራለህ።

በቅርቡ በርበራ የሦስት ሳምንት ሥራ መጣልኝ። ትዕግስቱን ማን ይይዝልኛል ብዬ ስጨነቅ ጋሽ ታደለና ኤዶ ሳህራ በረንዳው ሥር ተከራከሩ። ጋሽ ታደለ፣ ክፍሉ የሱም ነው፣ ለምዶታል አሉ። ኤዶ ሳህራ፣ አንተ ቀን ሥራ ላይ ነህ፣ ማን ይጠብቀዋል አለች። ጋሽ ታደለ በስልሳ ዓመት ሴት ፊት እንዲህ ሲከራከሩ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ቀን ከሷ፣ ማታ ከሳቸው ተባለ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በርበራ ሙቀቱ ሩሎ ላይ ቀለም ያደርቃል። ቀትር ላይ ሥራ ስለሚቆም ጥላ ፈልጌ ደወልኩ። ያነሳችው ኤዶ ሳህራ ናት።

“ደህና ነው። በረንዳ ላይ ነው፣ ተኝቷል። ድንብላሉን ጨርሶብኛል” አለች።

“እግዜር ይስጥልኝ ኤዶ። ታስቸግራችኋለች... ያስቸግራችኋል መቼም።”

“አያስቸግርም። ታደለም ደህና ነው።”

ሰላምታው አለቀ፤ ስልኩን ልዘጋ ስል፣

“አንተስ?” አለችኝ። “በልተሃል?”

በሰው አገር ስድስት ዓመት ኖሬ ብዙ ተጠይቄያለሁ። ከየት ነህ ተብያለሁ፣ መቼ ትጨርሳለህ ተብያለሁ፣ መታወቂያህን አሳይ ተብያለሁ። ሁሉንም ቶሎ እመልሳለሁ። በልተሃል ወይ ያለኝ ግን አልነበረም።

“አልበላሁም” አልኳት። እውነቴን ነበር።

“ብላ። ከዚያ መልሰህ ደውልልኝ” ብላ ዘጋችው።

ሄጄ በላሁ። ደወልኩላት።